ሥርዓተ ትምህርት ሲለወጥ የወላጅ ድርሻ ምን እንደ ሆነ

ለከተማው ነዋሪዎችና ለአስተዳደሩ ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር




በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው ነው። ይህን ትእዛዝ የሚቀበለው ያጠፋ ልጅ ነው፤ መስኮት የሰበረ፣ ከባልንጀራው የተደባደበ፣ ወይም ሳያስፈቅድ ከክፍል የቀረ። ትእዛዙ ከዱላ ይልቅ ስለሚፈራ አንዳንዱ ብልጥ ልጅ እውነተኛ አባቱን በመጥራት ፈንታ ከመንገድ ዳር አንድ ጐልማሳ ለምኖ፣ ካስፈለገም የሻይ ከፍሎ፣ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። ነገሩ በየከተማው ሲነገር ያስቃል። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን የሚቀረው ቁም ነገር ከባድ ነው፤ ዲሬክተሩ ከልጁ አባት ጋር ከዚያ አስቀድሞ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝቶ ቢሆን ኖሮ ያ የመንገድ ሰው ገና ከበሩ ላይ በታወቀ ነበር።

ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋና ገንዘብ ሲዋጣ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ የትምህርቱ ሥርዓት በሚለወጥበት ጊዜ ስለ ለውጡ የሚነግረው ሰው አያገኝም። በኢትዮጵያም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሕፃናት መማሪያ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጧል። ስለዚህ የዚህ ንግግር ጉዳይ መምህራኑ ወይም መጻሕፍቱ ብቻ አይደሉም፤ ለውጥ በሚደረግበት ጊዜ ወላጁ ምን እንደሚያጣ፣ ያጣውንም ነገር እንዴት መልሶ ሊያገኘው እንደሚችል ነው።

የሚያጣው መለኪያውን ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ዘመን ይህ መለኪያ በእያንዳንዱ ቤት ይገኝ ነበር። ልጁ ፊደል ቈጥሮ፣ አቡጊዳን አልፎ፣ መልእክተ ዮሐንስን ጨርሶ ወደ ዳዊት ሲገባ፣ ማንበብና መጻፍ የማትችለው እናቱ ስንኳ ልጇ ከየትኛው ደረጃ እንደ ደረሰ አሳምራ ታውቅ ነበር። ዳዊት በደገመ ዕለትም ጠላ ተጠምቆ፣ እንጀራ ተጋግሮ የኔታና ጎረቤት ይጠሩ ነበር። በእስልምና ተከታዮች ዘንድም ልጁ ከሎሁ ላይ እያነበበ ሲያድግ ኖሮ ቁርአንን ያኸተመ ዕለት እንዲሁ በቤተ ሰቡ ደስታ ይደረግ ነበር። ያ ትምህርት ጉድለት አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ብዙው የቃል ጥናት ነበር፤ ከሴቶች ልጆችም ወደ ደጁ የሚደርሱት ጥቂቶች ነበሩ። ነገር ግን ደረጃዎቹ ለተማረውም ላልተማረውም የታወቁ ስለ ነበሩ፣ ልጁ በቆመበት ቦታ ላይ ዓመት ሙሉ ቢቆይ ቤተ ሰቡ ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር።

በ1900 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ሌላ መለኪያ አበጀ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና «ሚኒስትሪ» ተባለ፤ የአሥራ ሁለተኛው ክፍል «ማትሪክ» ተባለ። «ልጄ ሚኒስትሪ አለፈ» ያለች እናት ምን ማለቷ እንደ ሆነ ከጎረቤቶቿ መካከል የማይገባው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን መሥመሩ ደጋግሞ ተለወጠ። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስድስት፣ ሁለትና አራት የነበረውን የክፍል አከፋፈል ስምንት፣ ሁለትና ሁለት አደረገው፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ቀረ፤ በኋላም የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ። በአዲሱ ሥርዓት ደግሞ አከፋፈሉ ወደ ስድስት፣ ሁለትና አራት ተመለሰ፤ የስድስተኛው ክፍል ፈተና እንደገና መጣ፤ የአሥረኛው ከ2012 ዓ. ም. ጀምሮ ቀረ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ባለሙያው በቂ ምክንያት ይሰጥ ይሆናል። የበኵር ልጁና የመጨረሻ ልጁ በዐሥር ዓመት የሚራራቁበት አባት ግን ለታላቁ ያገለገለው መለኪያ ለታናሹ አያገለግለውም፤ የሚያስረዳው ካላገኘም መጠየቁን ይተዋል።

ከፈተናዎቹ መምጣትና መቅረት ይልቅ ወላጁን ያዘናጋው ሌላ ነገር ነው። ከ1986ቱ ፖሊሲ ወዲህ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት በፈተና እየወደቁ እንዳይደግሙ፣ በተከታታይ ምዘና እየተረዱ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ ተወሰነ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ሕፃን በሰባት ዓመቱ «ወድቀሃል» ተብሎ ትምህርትን እንዳይጠላ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ውሳኔው የተመሠረተው መምህሩ የደከመውን ልጅ ለይቶ ይረዳዋል በሚል እምነት ነው። ስድሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ በታጨቀበት ቦታ ማለፉ ቀጠለ፤ መረዳቱ ቀረ። ወላጁም በዓመቱ መጨረሻ በካርዱ ላይ «ተዛውሯል» የሚለውን ቃል አይቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ2002 ዓ. ም. በብዙ ክልሎች በስድስት ቋንቋዎች የሕፃናት የማንበብ ችሎታ በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት መካከል ሲሶ ያህሉ በሚማሩበት ቋንቋ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ስንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የእነዚያም ሕፃናት ካርድ «ተዛውሯል» ይል ነበር።

መጨረሻው የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2015 ዓ. ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠው የ2014 ዓ. ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ከተቀመጡት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ በ2012 ዓ. ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በሰሜኑም ጦርነት ነበር፤ በፈተና ላይ የነበረው መኮራረጅም በዚያ ዓመት ጥብቅ ቁጥጥር ተደርጎበታል። ሆኖም በየቤቱ የነበረው ለቅሶ ከዚህ ሁሉ ምክንያት የሚለይ አንድ ነገር ነበረው፤ አባትና እናት ውጤቱን ፈጽሞ አልጠበቁትም ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ በእጃቸው የገባው ካርድ የነገራቸው ሌላ ነበርና።

ወላጅ ሳይነገረው የታቀደ ለውጥ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ደግሞ ወደ 1966 ዓ. ም. መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ባለሙያዎች ተሠርቶ በ1964 ዓ. ም. ተጠናቀቀ። በዚያን ጊዜ ለትምህርት ከደረሱት ሕፃናት መካከል ትምህርት ቤት የሚገቡት ከአምስት አንድ ስንኳ አይሞሉም ነበር። ጥናቱ ያቀረበው ዋና አሳብ ለሕፃናት ሁሉ አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መስፋፋት ግን እንዲገታ ነበር። ዛሬ ረጋ ብሎ የሚያነበው ሰው በውስጡ ለገጠሩ ሕፃን የታሰበ ብዙ መልካም ነገር ያገኝበታል። ነገር ግን ጥናቱ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። ያልተነገረው ነገርም በወሬ ተነገረ፤ የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው፣ ከዚያ በላይ የሚማረው የባለጸጋ ልጅ ብቻ ነው ተባለ። ከብቱን ሸጦ፣ መሬቱን አራጣ አስይዞ ልጁን ከተማ የላከ ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። መምህራንም ደመወዛቸውና ዕድገታቸው የሚነካ ሆኖ ስላገኙት በየካቲት ወር 1966 ዓ. ም. ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችና ተማሪዎች ከእነርሱ ጋር ቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። የዚያ ዓመት ትልቅ ለውጥ ሌሎች አያሌ ምክንያቶች እንደ ነበሩት የታወቀ ነው፤ ስለ ትምህርቱ ብቻ ለተናገረ ሰው ግን ዕቅዱ የወደቀው ከይዘቱ ይልቅ በዝምታው ነው ማለት ስሕተት አይሆንም።

አሁን ወዳለው ለውጥ ሲመጣ ነገሩ ከዚያ ይሻላል። በ2010 ዓ. ም. ፍኖተ ካርታው በረቂቅ ቀርቦ በአደባባይ ውይይት ተደርጎበታል፤ የሥርዓተ ትምህርቱ ማዕቀፍ በ2013 ዓ. ም. ወጥቷል፤ በ2014 ዓ. ም. በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ በሰፊው ሥራ ላይ ውሏል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሽ የተደረገ ውይይት በወረዳ ከተማ ላለች የጉሊት ነጋዴ ደረሳት ማለት አይቻልም። እርስዋ ያየችው የልጇን የትምህርት ሰሌዳ ነው። በእርስዋ ጊዜ ያልነበረ «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ፤ «ግብረ ገብ» ተመልሶ መጥቷል፤ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል «አጠቃላይ ሳይንስ» እንዲሁም «ሥራና ተግባር» የሚባሉ አሉ። ልጇ ሲዘፍንና ሲሥል ስታየው ትምህርት ትቶ የሚጫወት ይመስላታል። ዘፈኑና ሥዕሉ በሰሌዳው ላይ የተመደበ ትምህርት መሆኑን በአንድ ደቂቃ የሚያስረዳት ሰው ግን አልተገኘም።

በዚህ ላይ የመጻሕፍቱ ጉዳይ ተጨመረ። በ2015 ዓ. ም. አዲሶቹ መማሪያ መጻሕፍት ታትመው በጊዜ ስላልደረሱ በብዙ ቦታ በስልክ፣ በቴሌግራም እየተላለፉ ነበር የሚነበቡት። ዘመናዊ ስልክ የሌለው ቤት ልጁን ወደ ጎረቤት ሰደደ፤ ያለው ቤት ደግሞ «መጽሐፌ በስልኩ ውስጥ ነው» የሚል ልጅ ስልኩን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያመሽ በእውነት መጽሐፉን ያንብብ ወይም ሌላ ይመልከት መለየት ተሳነው። ይህ የወላጁ ጥፋት አይደለም፤ የአዘጋጆቹ ችኰላ ነው፤ ለውጥ መጽሐፉን ቀድሞ መሄድ አልነበረበትም።

ጎረቤት አገር ኬንያም በዚሁ ዘመን ሥርዓተ ትምህርቷን ስለ ለወጠች ከእርስዋ የሚገኘው ትምህርት ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። በኬንያ ከ1985 (በአውሮጳ አቈጣጠር) ጀምሮ ስምንት፣ አራትና አራት የነበረው ሥርዓት በ2017 በችሎታ ላይ በተመሠረተ ሥርዓተ ትምህርት መተካት ጀመረ፤ በጥር ወር 2019 በአገሩ ሁሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተዳረሰ። የወላጆች ተሳትፎ በማዕቀፉ ውስጥ ከመመሪያ መርሖች እንደ አንዱ ተጽፏል፤ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የጻፈ አገር ጥቂት ነው። ሆኖም ተሳትፎው በተግባር ሲታይ ሕፃኑ ማታ ማታ ቀለም፣ ካርቶን፣ ጨርቅ፣ ከስልክ ላይ የሚታተም ሥዕል እያዘዘ ወደ ቤት መምጣት ሆነ፤ ሠርቶ የሚያድረውም ወላጁ ነው። ማተሚያ ያለው ቤት አማረለት፤ የሌለው ቤት ልጁ ባዶ እጁን ሄዶ አፈረ። ወላጆች የቤት ሥራው የእኛ ሆነ ብለው አጥብቀው አማረሩ፤ በ2022 ፕሬዚዳንቱ አንድ የጥናት ቡድን ሰይመው ሕዝቡ በየአካባቢው አሳቡን እንዲሰጥ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻም የሰባተኛ ክፍል ልጆች ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት በመሄድ ፈንታ በነበሩበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንዲቆዩ ተወሰነ፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከቤት መራቁ ወላጆች ከሰጉባቸው ነገሮች አንዱ ነበርና። ከዚህ የሚገኘው ነገር ሁለት ጫፍ ነው። ወላጅን ፈጽሞ አለመጥራት አንድ ጥፋት ነው፤ ከዐቅሙ በላይ የሆነውን መጠየቅ ሌላ ጥፋት ነው።

እንግዲህ የወላጅ ዐቅም ምን ድረስ ነው? ብዙ ሰው «እኔ አልተማርሁም፤ ምን አውቄ ልጠይቀው» ሲል ይሰማል። ይህ ትሕትና የሚመስል አነጋገር ልጁን ብዙ አጕድሎበታል። ፊደል የማታውቅ እናት የልጇን ማንበብ ልትመረምር ትችላለች፤ አመርማሪነቱም ከጥንት የታወቀ ዘዴ አለው። የኔታ ሀ ሁን በዜማ አሳምሮ የሚወርድ ልጅ ፊደሉን በእውነት ይለየው እንደ ሆነ የሚያውቁት በአቡጊዳ ነበር፤ ተራው ሲለወጥበት የቃል ጥናቱ ይከዳዋልና። ዛሬም እንዲሁ ነው። ልጁ ከመጽሐፉ አንዱን ገጽ ጮክ ብሎ ሲያነብላት በጣቱ እያንዳንዱን ቃል እንዲነካ ታድርግ፤ ጣቱ ከአፉ ከቀደመ ወይም ከዘገየ በቃሉ ነው የሚለው። ቀጥላ ያላጠናውን ነገር ታቅርብለት፤ የውኃ ክፍያ ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ከገበያ የመጣ ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከእነዚህ ላይ ቃል መለየት ካቃተው ካርዱ የፈለገውን ቢል ልጁ ማንበብ አልጀመረም። ይህን ያወቀች እናት በማግሥቱ ወደ መምህሩ ሄዳ «ልጄ ማንበብ አልቻለም፤ ምን ይደረግ?» ብትል፣ ያ ጥያቄ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሚደረጉ ስብሰባዎች ሁሉ ይበልጣል።

ሒሳቡም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጉሊት የምትቀመጥ እናት መልስ ስታሰላ ወረቀት አትሻም፤ ልጇን አጠገብዋ አስቀምጣ «ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት በዚህ ዋጋ ስንት ይሆናል?» ብትለው መምህር ሆነች። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አገር በቀል ዕውቀት በትምህርቱ ውስጥ እንዲገባ ይላል፤ ሥራና ተግባር የሚባለውም ትምህርት ከእጅ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አናጢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በዓመት አንድ ቀን ወደ ክፍል ገብተው ሥራቸውን ቢያሳዩ ትምህርት ቤቱ ሳይከፍል መምህር አገኘ። በዚህ አገር የእጅ ሥራ ሲናቅ እንደ ኖረ የታወቀ ነው፤ ሸክላ ሠሪ እናቱን ከሰው ፊት ሲደብቅ የኖረ ልጅ መምህሩ «እትዬ፣ ይህን እንዴት አደረጉት?» እያሉ ሲጠይቋት ቢያይ ምን እንደሚሰማው ያየው ብቻ ያውቀዋል።

የተማረው ወላጅ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። እርሱ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በመርዳት ብዛት ነው። የልጁን የቤት ሥራ ራሱ ይሠራል፤ ወይም አስጠኚ ቀጥሮ ከዚያ በኋላ እጁን ያነሣል፤ ወይም በራሱ ጊዜ የተማረበትን ስልት «ይህ ነው ትክክሉ» ብሎ ልጁን በመምህሩና በአባቱ መካከል ያቆመዋል። አንዳንዱም ከካርዱ ላይ የሚያየው «ደረጃ» የሚለውን መሥመር ብቻ ነው። ልጁ አንደኛ ከወጣ ደስታ፣ ዐሥረኛ ከወጣ ቍጣ ይሆናል። ደረጃ ግን የሚነግረው ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር የት እንደ ሆነ ነው እንጂ ምን እንዳወቀ አይደለም፤ ከማያነቡ ልጆች መካከል አንደኛ መውጣትም ይቻላል።

አሁን ለአስተዳደሩ ሠራተኞች የሚነገረው ይቀጥላል፤ አጭርም ነው። ወላጅ መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ ተቋቁሟል፤ አባሎቹም አሉ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጡት በየኮሚቴው የሚመረጡት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ልጅን ከእንቅልፍ የምታነሣው፣ ደብተሩን የምትገዛው፣ ሲታመም የምታስታምመው እናት ግን ከአባልነቱ ስትርቅ ይታያል። ስብሰባውም የሚጠራው ትምህርት ቤቱ አጥር ሊሠራ ወይም ክፍል ሊጨምር ሲያስብ ነው። መዋጮ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ብዙ ትምህርት ቤት የተሠራው በሕዝብ ጕልበትና ገንዘብ ነው። ነገር ግን ገንዘብ የሚጠየቅበትና ስለ ልጆች ትምህርት የሚነጋገሩበት ስብሰባ ሊለያዩ ይገባል፤ የድኻ እናት ኪስዋን ዳብሳ ከቤት ትቀራለች፤ ቀርታም ስለ ልጇ ሳትሰማ ትውላለች።

ከዚህም በቀር አንድ ሺህ ወላጅ በሰንደቅ ዓላማው ዙሪያ ቆሞ በድምፅ ማጕያ የሚነገረውን በነፋስ ውስጥ የሚሰማበት ስብሰባ ለማንም አይጠቅምም። የአንድ ክፍል ወላጆች በልጆቻቸው ዴስክ ላይ ተቀምጠው ከክፍሉ መምህር ጋር አንድ ሰዓት ቢነጋገሩ ይሻላል፤ መምህሩም በዚያ ሰዓት ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ምን ማወቅ እንደሚገባው በተራ ቋንቋ ይንገራቸው። «የአንደኛ ክፍል ልጅ እስከ ፋሲካ ፊደላቱን ለይቶ አጫጭር ቃላት ያነባል» ብሎ የነገራቸው እንደ ሆነ መለኪያውን መልሶ በእጃቸው ሰጣቸው ማለት ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፎ በቀበሌው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው ወጪው የወረቀትና የሙጫ ነው።

የቀረው፣ ወላጅ በከተማው ስለሌላቸው ልጆች ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ዓርብ ማታ ወደ አገራቸው ወርደው እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እነዚህ ልጆች ካርድ ሲሰጣቸው የሚፈርምላቸው የለም፤ ወይም ባልንጀራቸው ይፈርምላቸዋል። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ማታ ማታ የሚማሩ ልጃገረዶችም እንዲሁ ናቸው፤ የእነርሱ ትምህርት የሚወሰነው እመቤቲቱ ዕቃ የምታሳጥብበትን ሰዓት በመጠኗ ነው። ለእነዚህ ልጆች አከራይቱ ወይም አሠሪዋ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ተጠሪ ሆና ብትጻፍና ልጁ በቀረ ጊዜ መልእክት ቢደርሳት ከወላጅ ጋር ባይተካከልም ከባዶ ይሻላል። ብዙ አከራዮች ሳይጻፉም ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ልጁ ሲታመም ሾርባ የሠሩለት፣ የፈተና ጠዋት የቀሰቀሱት እነርሱ ናቸው።

ገበሬው አባት ግን ፈጽሞ አይገኝም ማለት አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ከተማው ይመጣል፤ የገበያ ቀን ነው። ለከተማው ነጋዴ የገበያ ቀን ለስብሰባ የማይሆን ቀን እንደ ሆነ ሁሉ ለእርሱ ደግሞ የሚሆነው ያ ቀን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ በገበያ ቀን ዝግ ሆኖ ስለሚውል ገበሬው ልጁ የሚማርበትን ግቢ ከአጥሩ ውጭ አይቶ ሲያልፍ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንድ መምህር በተራ እየሆነ በዚያ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት በጽሕፈት ቤቱ ቢቀመጥ፣ በሩም ክፍት ቢሆን፣ ገበሬው እህሉን ከሸጠ በኋላ አህያውን ከበሩ ላይ አስሮ ይገባል፤ ስለ ልጁ ይጠይቃል፤ የሚቀመጥበትንም ዴስክ አይቶ ይሄዳል።